ዓሣ በዳቦ፤ የሀዋሳ ሐይቅና የሳንዱች ሒሳብ

ሀዋሳ ውስጥ አሞራ ገደል በሚባለው የዓሣ መውረጃ ጠዋት ጠዋት ሁለት ገበያ ጎን ለጎን ይቆማል። በአንደኛው ከጀልባ የወረደው ቆሮሶ ለሆቴሎችና ለተረካቢዎች ይሸጣል። በሌላው እዚያው ሐይቁ ዳር ተጠብሶ ለነዋሪውና ለጎብኚው ይቀርባል። በላተኛው ሙሉ ዓሣ፣ ዳቦና ዳጣ ከፊቱ ይደረግለታል፤ ሥጋውን በጣቱ ከአጥንት እየለየ፣ ዳቦውን እየቆረሰ፣ ዳጣውን እያስነካ ይበላል። አጥንቱን ቆመው የሚጠብቁ አባ ኮዳዎች ሞልተዋል። እንግዲህ ዓሣውም አለ፣ ዳቦውም አለ፣ ማባያውም አለ። ሦስቱን የሚገጥማቸው ራሱ በላተኛው ነው።

ይህች ትንሽ የምትመስል ነገር በሳንዱች ንግድ ውስጥ ትልቋ ናት። ሳንዱች የሚሸጥ ሰው ከዳቦውና ከመሙያው ሌላ አንድ ነገር ጨምሮ ይሸጣል። ገዢው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ይሠራው የነበረውን መለየት፣ መቁረስና መጠቅለል ቀድሞ ሠርቶለታል። የየአገሩ ሳንዱች አሠራር ከሚለያይባቸው ነገሮች ሁሉ ለነጋዴ የሚጠቅመውም ይኸው ነው፤ ይህንን ሥራ ማን ይሥራው? በምን ዳቦ? ለየትኛው በላተኛ?

ከቁማር ጠረጴዛ እስከ ጉርሻ

ስሙ የተወረሰው 4ኛው የሳንዱች ኧርል ከነበረው እንግሊዛዊ መኳንንት ከጆን ሞንታጉ ነው። ከቁማር ጠረጴዛው ላለመነሳት ሥጋ በሁለት ቁራሽ ዳቦ መሐል ተደርጎ እንዲመጣለት አዘዘ የሚለው ወሬ በሰፊው ይነገራል። የሕይወት ታሪኩን ያጠኑት ወገኖች ደግሞ ሰውየው የባሕር ኃይል ሥራ የበዛበት ሹም ስለነበር ጠረጴዛው የጽሕፈት ጠረጴዛ ሳይሆን አይቀርም ባይ ናቸው። ቃሉ በታሪክ ጸሐፊው በኤድዋርድ ጊቦን የዕለት ማስታወሻ ላይ የሰፈረው እ.ኤ.አ. በ1762 ነው። ቁማርም ሆነ ደብዳቤ፣ አንድ እጁ የተያዘ ሰው በሌላ እጁ የሚበላው ምግብ አስፈልጎት ነበር።

በኢትዮጵያ ማዕድ ግን ሁለቱም እጅ ነፃ ነው፤ ሰውም ተቀምጧል። እንጀራ ሳህንም ማንኪያም ሆኖ ያገለግላል። በላተኛው ቆርሶ፣ ወጡን ጠቅልሎ፣ አንድ አፍ የምትሞላ ጥቅል ሠርቶ ይጎርሳል፤ ወይም ለወዳጁ ያጎርሳል። እያንዳንዷ ጉርሻ አንድ ትንሽ ሳንዱች ናት ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ልዩነቱ የምትሠራው በተበላችበት ቅጽበት መሆኑ ነው።

እንጀራን በወጥ ሞልቶ፣ ጠቅልሎ ለመንገደኛ መሸጥ በአዲስ አበባም፣ በውጭ አገር ባሉ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶችም ተሞክሯል። ደረቅ ያለ መሙያ ሲሆን ይሳካል። ወጥ ሲሆን ችግሩ ዓይኑ ላይ ነው። የእንጀራ ዓይን ወጥ የሚመጥ ነውና ጥቂት ሲቆይ ጥቅሉ ወደ ፍርፍር ይሄዳል። ፍርፍር ክፉ ምግብ ሆኖ አይደለም፤ በእጅ ይዘውት ታክሲ አይሳፈሩም እንጂ።

ፉልን ብንወስድ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። በካይሮ ጎዳና ፉል ሻጩ «ዓይሽ በላዲ» የሚባለውን ክብ ቂጣ እንደ ኪስ ከፍቶ ባቄላውን ይጨምርበትና ለገዢው ያስጨብጠዋል። ገዢው እየሄደ ይበላል። ያው ፉል ኢትዮጵያ ሲገባ ከኪሱ ወጣ። በሀዋሳም ሆነ በአዲስ አበባ ቁርስ ቤቶች ፉል በሳህን፣ ቲማቲሙና ቃሪያው ከላይ፣ ዳቦው ከጎን ሆኖ ይቀርባል፤ ደንበኛው እያጠቀሰ ይበላል። የግብጹ ሻጭ በአንዲት ጠባብ ጋሪ ቀኑን ሙሉ ያስተናግዳል። የሀዋሳው ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ ሳህን አጣቢና የቤት ኪራይ ያስፈልገዋል። ያው ባቄላ ነው፤ የወጪው መዝገብ ግን አይገናኝም።

የግብጹም ጋሪ ቢሆን በዳቦው ዋጋ ላይ የቆመ ነው። መንግሥት የሚደጉመው ቂጣ ከሠላሳ ዓመት በላይ በ5 ፒያስትር ሲሸጥ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 ወደ 20 ፒያስትር ከፍ ሲል ወሬው ከካይሮ አልፎ የዓለም ዜና ነበር።

በኢትዮጵያ ሳንዱችን የሚያስቸግረው ሌላው ነገር ብቸኛ ምግብ መሆኑ ነው። «ብቻውን የሚበላ ብቻውን ይሞታል» በሚባልበት አገር ለአንድ ሰው ተለክቶ የተጠቀለለ ምግብ ትንሽ ይከብዳል። ሁለት ጓደኛሞች አንድ ክለብ ሳንዱች አዝዘው እኩል ሲካፈሉ በየካፌው የሚታየውም ለገንዘብ ቁጠባ ብቻ አይደለም።

የቆጮ ነገር

ሀዋሳ ላይ ከእንጀራ የተሻለ እጩ አለ የሚል ሰው ቢመጣ ስህተት ነው አይባልም። ሲዳማዎች «ዋሳ» የሚሉት ቆጮ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ቅቤም ሆነ መረቅ ቶሎ አያሸንፈውም። ጉራጌዎች ክትፎን በተቆራረጠ ቆጮ መሐል አድርገው ሲጎርሱ ለሳንዱች ከማንም የቀረቡ ናቸው። በሲዳማ ግን ዋሳ ሌላ ጉዞ ሄዷል። ከቅቤ ጋር ተለውሶ ቡርሳሜ ይሆንና ሻፌታ በሚባለው የሸክላ ዕቃ ቀርቦ፣ ወተት ታክሎበት፣ ለብዙ ሰው ይበላል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው የፊቼ ጨምባላላ በዓል ያለ ቡርሳሜ አይታሰብም። ይህ የአብሮነት ምግብ ነው፤ በወረቀት ጠቅልለው የሚያስይዙት አይደለም።

ከንግድ አንፃርም ቆጮ ፈተና አለው። ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል፣ መዓዛው ያልለመደውን ሰው ያርቃል፣ የመፋቁና የማብላላቱ ሥራም በአብዛኛው በሴቶች ጉልበት የሚከናወን ከባድ ሥራ ነው። እንሰት በደቡቡ ክፍል 20 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ የሚደገፍበት ተክል ቢሆንም፣ በከተማ ሳንዱች ቤት ውስጥ የፎርኖ ዳቦን ቦታ ለመውሰድ ገና ብዙ ይቀረዋል።

ስለዚህ ዞሮ ዞሮ ዳቦው የስንዴ ነው። «ፎርኖ» የሚለው ቃል ራሱ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። የጣሊያኖቹ የሳንዱች ጠባይ ግን ከቃሉ ጋር አብሮ አልመጣም። ጣሊያን በዳቦው መሐል አንድ ወይም ሁለት ነገር ያስገባና ይተወዋል። ዴንማርኮች ጭራሽ የላዩን ዳቦ አንስተው በአጃ ዳቦ ላይ ዓሣና ቅቤ ደርድረው በሹካና በቢላ ይበላሉ። የኢትዮጵያ ሆቴሎች የያዙት የአሜሪካኖቹን ልማድ ነው፤ ሦስት ንብርብር ቶስት፣ እንቁላል፣ ዶሮ፣ ሰላጣ፣ በስቴኪኒ ተወግቶ፣ ከጎኑ የድንች ጥብስ። ለእንግዳ መቀበያ ጥሩ ነው፤ ለቸኮለ ሠራተኛ አይሆንም።

ለሠራተኛ የሚሆነውን ያገኙት ወጣቶች ናቸው። እርጥብ ይባላል። የድንች ጥብስ በዳቦ ውስጥ ተሞልቶ አዋዜ ወይም ካቻፕ ይፈስበታል። ስታርች በስታርች ነው ብለው የሚያሙት አሉ፤ እንግሊዞችም ያንኑ ያደርጋሉ፣ ሙምባይ ላይም ያው ነው።

የፋብሪካ በር ላይ ምሳ

የሙምባዩ «ቫዳ ፓቭ» ለሀዋሳ ነጋዴ ልብ ብሎ ሊመለከተው የሚገባ ጉዳይ ነው። «ፓቭ» ፖርቱጋሎች ለሕንድ ያስተማሩት ለስላሳ ዳቦ ሲሆን፣ «ቫዳ» የተፈጨ ድንች በሽምብራ ሊጥ ተነክሮ የተጠበሰ ነው። ሁለቱን ገጥሞ እ.ኤ.አ. በ1966 በዳዳር ባቡር ጣቢያ መሸጥ የጀመረው አሾክ ቫይዲያ የሚባል ሰው እንደሆነ ይነገራል። ምግቡን ያሳደጉት የሙምባይ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞች ናቸው፤ ፈረቃ ሊገቡ ሲሮጡ የሚይዙት ርካሽ ምሳ ሆነላቸው። በ1982 በተነሳው ታላቅ የሥራ ማቆም አድማ ከሥራ የወጡ ብዙዎች ደግሞ ራሳቸው ቫዳ ፓቭ ሻጭ ሆኑ ይባላል።

ሀዋሳም የልብስ ፋብሪካ ከተማ ሆናለች። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ የታሰበው ለ60 ሺህ ሠራተኛ ነበር። ዋነኛ ባለሀብቱ ፒ.ቪ.ኤች. በኅዳር 2014 ዓ.ም. መውጣቱን አስታወቀ፤ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ስታስወጣ ፓርኩ ጉዳት ደረሰበት። ቢሆንም በፈረቃ ሠርታ የምትወጣ ወጣት ከከተማው አልጠፋችም። የምትበላው ደግሞ በደሞዟ ልክ ነው። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው ጥናት በፓርኩ ያለውን መነሻ ደሞዝ በወር 26 ዶላር ብሎ፣ ከዓለም የልብስ ፋብሪካዎች ሁሉ ዝቅተኛው ነው ሲል መዝግቦታል። ለእንዲህ ዓይነቷ ገዢ ክለብ ሳንዱች ይዞ በር ላይ መቆም ከንቱ ነው። ሙምባይ የሄደችበት መንገድ፣ ማለትም ርካሽ መሙያ፣ ትንሽ ዳቦ፣ የሚያቃጥል ማባያ፣ እዚህም ይሠራል።

የዳቦው ነገር ግን በዋዛ አይታለፍም። በኢትዮጵያ ከተሞች የዳቦ ዋጋ ባለበት ሲቆም ክብደቱ ሲቀንስ፣ ክብደቱ ሲመለስ ዋጋው ሲጨምር ቆይቷል። ለቤት ገዢ ይህ የኪስ ጉዳይ ነው። ለሳንዱች ሻጭ ግን የዕቃ መለኪያው መጥፋት ነው፤ ዛሬ 100 ግራም መሙያ የያዘ ዳቦ ነገ 70 ግራም ብቻ ይይዛል። በኒው ኦርሊንስ ከተማ የታየው መፍትሔ ሊጠቀስ ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ1929 የከተማ ባቡር ሠራተኞች አድማ ሲመቱ፣ ቀድሞ በዚያው ሥራ የነበሩ ሁለት የማርቲን ቤተሰብ ወንድማማቾች ለአድመኞቹ ሳንዱች በነፃ ማደል ጀመሩ። ጫፉ የሾለው የፈረንሣይ ዳቦ ብዙ ብክነት ስላመጣባቸው፣ ጆን ጀንዱሳ የሚባለው ዳቦ ጋጋሪ ከጫፍ ጫፍ እኩል ስፋት ያለው ረጅም ዳቦ ሠራላቸው። ያ ሳንዱች «ፖ ቦይ» ተብሎ እስከ ዛሬ ይሸጣል። በዚህ ቅርጽ ዳቦ የሚጣል ጫፍ የለም፤ እያንዳንዱ ቁራጭ እኩል ስለሚሆንም ዋጋ መቁረጥ ይቀላል። ከዳቦ ቤት ጋር ስለ ክብደትና ስለ ቅርጽ ሳይዋዋል ሳንዱች ቤት የሚከፍት ሰው ትርፉን በሌላ ሰው ምድጃ ውስጥ ትቶ ሄዷል።

ማንም የማይነሳበት መሙያ

አሁን ወደ ዓሣው እንመለስ። ሀዋሳ ፕሮቴስታንቱ የሚበዛበት፣ ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም በብዛት ያለበት ከተማ ነው። ሥጋ የሚሸጥ ሁሉ ገና ከበሩ መስቀል ወይም ጨረቃ መለጠፍ አለበት፤ ያረደው ማን እንደሆነ ሳይታወቅ የሚገዛ የለም። ሥጋ ያለበት ሳንዱች ስለዚህ ገና ሳይጠበስ ከፊሉን ደንበኛ አጥቷል። ረቡዕና ዓርብ ሲመጣ ደግሞ እንቁላሉና አይቡም ይወድቃሉ። በዐቢይ ጾም ይህ ነገር 55 ቀን ይቆያል። ካፌዎች በነዚህ ቀናት በአትክልትና በአቮካዶ ሳንዱች ይወጡታል። የሲዳማ አቮካዶ ደግሞ አይታማም፤ ከሀዋሳ በስተደቡብ በይርጋለም የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ዘይቱ ተጨምቆ ለውጭ ገበያ የሚቀርብ ፍሬ ነው። በዳቦ ላይ ሲቀባ የቅቤን ቦታ ይይዛል።

ዓሣ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ዓሣ አይታረድም፤ ስለዚህ «የማን ነው?» የሚል ጥያቄ አይነሳበትም። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ከአንድ መጥበሻ ይበላል። በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር በኦርቶዶክስ ምዕመናን ዘንድ ያለ ቢሆንም፣ ገበያው የሚናገረው ሌላ ነው፤ በዐቢይ ጾም የዓሣ ፈላጊ ይጨምራል፣ ዋጋውም ይወጣል። ጥንቃቄ የሚፈልገው አምባዛ ላይ ነው። ቅርፊት የሌለው ስለሆነ የማይበሉት ብዙ ናቸውና፣ አምባዛን ከቆሮሶ ጋር ቀላቅሎ በዳቦ ውስጥ የሚደብቅ ሻጭ አንድ ቀን ሲታወቅበት ደንበኛውን በሙሉ ይከስራል።

ዓሣን በዳቦ አድርጎ በመሸጥ ስሟ የወጣው ኢስታንቡል ናት። «ባሊክ ኤክሜክ» ይሉታል፤ ትርጉሙም ቃል በቃል «ዓሣ ዳቦ» ነው። በኤሚኖኑ ወደብ ዳር ከተጠበሰ በኋላ አጥንቱ ወጥቶ፣ በግማሽ ዳቦ ውስጥ ከሽንኩርትና ከሰላጣ ጋር ገብቶ፣ ሎሚ ተጨምቆበት ይሰጣል። ሌላ ምንም የለውም። በሳይጎን ደግሞ ፈረንሣዮች ትተውት የሄዱትን ዳቦ ቬትናሞች በኮምጣጤ በተነከረ ካሮት፣ በድንብላልና በቃሪያ ሞልተው «ባን ሚ» አደረጉት፤ ስንዴ በማይበቅልበት አገር ስንዴው ከውጭ ይመጣል፣ ጣዕሙ ግን የራሳቸው ነው። የጠበሰ ዘይት ያለበት መሙያ የሚቆርጥለት ኮምጣጣ ወይም የሚያቃጥል ነገር ይፈልጋል። ሀዋሳ ለዚህ ከሎሚም ከኮምጣጤም የሚበልጥ ነገር አላት፤ ዳጣ።

እስቲ ሒሳቡ ይሠራ። ከቆሮሶ አጥንትና ቆዳው ሲወጣ የሚቀረው ሥጋ ከሙሉ ክብደቱ አንድ ሦስተኛ ገደማ ነው። አንድ ሳንዱች 100 ግራም የዓሣ ሥጋ ይያዝ ቢባል 300 ግራም ሙሉ ዓሣ ያስፈልገዋል። በቀን 200 ሳንዱች የሚሸጥ ቤት 60 ኪሎ ዓሣ ይረከባል፤ በወር 26 ቀን ቢሠራ 1,560 ኪሎ ነው። ስለዚህ ዓሣ ሲገዙ ዋጋውን በሦስት ማባዛት ግድ ይላል። አሞራ ገደል ላይ በኪሎ የሰሙትን ዋጋ ይዘው የሳንዱች ዋጋ የሚተምኑ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው። የሚቀረው ሁለት ሦስተኛ ሁሉ ለአባ ኮዳ የሚጣል አይደለም፤ ከጭንቅላቱና ከአጥንቱ ሾርባ ይወጣል፣ ሾርባውም እዚያው ሐይቁ ዳር የሚሸጥ ነው። ሌላው ወጪ በረዶ ነው። ያለ በረዶ በሀዋሳ ሙቀት ዓሣ ቀኑን አይውልም፤ ከቀትር በኋላ ለሚሸጥ ሳንዱች ማቀዝቀዣ ወይም በየሰዓቱ የሚጠበስ ትኩስ ዓሣ ያስፈልጋል። ሥጋውን ከአጥንት በንጽሕና የሚለይ ሠራተኛም ሊኖር ይገባል፤ በዳቦ ውስጥ የተደበቀች አንዲት እሾህ ደንበኛን ለዘለዓለም ታባርራለች። ሳህን ላይ ቢሆን በላተኛው ራሱ ያያት ነበር።

ሐይቁ ስንት ይችላል?

የኢስታንቡሉን ታሪክ እዚህ ላይ ማቆም ግን ግማሹን መደበቅ ይሆናል። የባሊክ ኤክሜክ ዓሣ ማኬሬል ነው። ዱሮ ከቦስፎር ይጠመድ ነበር። ዛሬ በወደቡ ዳር በዳቦ ውስጥ የሚገባው አብዛኛው ማኬሬል በበረዶ ደርቆ ከኖርዌይ የሚመጣ ነው። ጎብኚው ከፊቱ ባሕሩን እያየ የሌላ ባሕር ዓሣ ይበላል። ሳንዱቹ ዓሣውን ቀድሞ አልሞተም፤ ከዓሣው በኋላ ቆየ።

የሀዋሳ ሐይቅ ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚገባለት ወንዝ ጥቁር ውሃ ብቻ ሲሆን፣ በገጸ ምድር የሚወጣለት ወንዝ የለውም፤ የገባበት ቆሻሻም እዚያው ይቀራል። የቆሮሶው መጠን ማነስና በጠባብ ዓይን መረብ ያልደረሰ ዓሣ መጠመዱ ተመራማሪዎች ደጋግመው የጻፉበት ጉዳይ ነው። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ መረቡ ግን አሁንም ጠባብ ነው።

ሳንዱች በዚህ ላይ ሲጨመር ሁለት መንገድ ይከተላል። ሳህን ላይ የሚቀርብ ዓሣ ትልቅ መሆን አለበት፤ ትንሹን ያመጣ አስተናጋጅ ይወቀሳል። በዳቦ ውስጥ የሚገባ ሥጋ ግን ከትንሽም ከትልቅም ቢወጣ ገዢው አያውቅም። ያልደረሰው ዓሣ ርካሽ ስለሆነ፣ ዋጋ ለመቀነስ የሚሯሯጥ ሻጭ መጀመሪያ የሚደርሰው እሱ ላይ ነው፤ ደላላውም እሱን ለማምጣት አይቸገርም። በሌላ በኩል ትንሽ ዓሣ እንደ ትልቁ አይከፍልም፤ አጥንቱ ብዙ፣ ሥጋው ጥቂት፣ የመለየት ድካሙ እጥፍ ነው። በቀን 200 ሳንዱች ለመሙላት ከ150 ግራም ዓሣዎች ይወጣ ቢባል ቢያንስ 400 ዓሣ አንድ በአንድ መሰንጠቅ ሊኖር ነው። ግማሽ ኪሎ ከሚመዝኑት ግን 120 ይበቃል።

ስለዚህ በአሞራ ገደል ከአስጋሪዎች ጋር የሚዋዋል ሰው በኪሎ ስንት ከሚለው ጎን አንድ ዓሣ ቢያንስ ስንት ይመዝን የሚለውን ቢያጽፍ ለራሱ ኪስም ይበጀዋል። ጾሙ ከመግባቱ በፊት ቢያደርገው ደግሞ ይሻላል፤ ከገባ በኋላ ዋጋ የሚናገረው አስጋሪው ነው።